ከመሐል ሜዳ በመጣ አውቶቡስ ውስጥ የቀረበልን ጥያቄ

በ2015 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍረን ስንመለስ፥ ከፊታችን የተቀመጡ በዕድሜ ጠና ያሉ ገበሬ ዞር ብለው ለጥቂት ጊዜ ካዩን በኋላ ከበርኖሳቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡን። «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ትመስላላችሁ፤ እስቲ ይህን ተመልከቱና የሚሻላትን ንገሩኝ» አሉ። ወረቀቱ የሴት ልጃቸው የዐሥረኛ ክፍል ውጤት ነበር። ልጅቱም ከአጠገባቸው በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ታዳምጥ ነበር።

ጥያቄው አጭር ነው። ትምህርት ቤቱ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲመዘግብ ተማሪው ከሁለት አንዱን፥ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን፥ ይመርጣል። አንዱ መምህሯ «ሳይንስ ያዢ» ብለዋታል። የአክስቷ ልጅ ደግሞ «ሶሻል ይቀላል» ይላታል። «እኔ የማውቀው ገብስና በግ ነው፤ ይህ ነገር ለእኔ ጨለማ ነው። አንድ ጊዜ ከገቡበት በኋላ ግን መመለሻ የለውም አሉኝ» ሲሉ አባትየው ነገራቸውን ጨረሱ።

ወረቀቱን ዘርግተን አየነው። ታሪክ 88፥ ባዮሎጂ 85፥ ጂኦግራፊ 83፥ ሒሳብ 76፥ ኬሚስትሪ 71፥ ፊዚክስ 62፥ እንግሊዝኛ 58። ይህን ያህል ሰፊ ውጤት ያላት ልጅ ስናይ አንደበታችን ቸኮለና «ሳይንሱን ትያዝ እንጂ! ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?» አልን። አባትየው ደስ አላቸው። ልጅቱ ግን ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አድርጋ «ፊዚክስ የሚያስተምረን መምህር እስከ ታኅሣሥ አልነበረም፤ ዐሥራ አንደኛ ላይም ባይኖርስ?» ብላ ጠየቀችን። ምን ብለን እንደምንመልስላት ቸገረን። ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ከጉሙ ገብቶ ቀስ እያለ ሲሄድ እኛም ስለ ሰጠነው ምክር ማሰብ ጀመርን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ የችኮላ መልስ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ የምርጫውን ነገር በጥቂቱ እናስረዳ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ፊዚክስን፥ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ይማራል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ ጋር ጂኦግራፊን፥ ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ይማራል። የሁለቱ የሒሳብ ፈተና ለየቅል ነው። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ በሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተና ላይ ለሁለቱም ወገኖች የችሎታ መለኪያ የሚባለው አፕቲትዩድ ይጨመራል። በ2017 ዓ.ም. ፈተናው በድምሩ ከ600 የሚቈጠር ሲሆን፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ግማሹን፥ ማለት 300፥ ማምጣት ያስፈልግ ነበር። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን የሚያስብ ልጅ መንገዱ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ነው፤ ሕግን ወይም ሒሳብ አያያዝን የሚሻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ይሄዳል። እንግዲህ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሰኔ ዝናብ ወቅት በአንዲት ቅጽ ላይ የምታደርገው ምልክት ይህን ያህል ክብደት አለው።

መምረጥ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ተማሪዎች በጣም ጥቂቶች ስለ ነበሩ ጥያቄው የጥቂት ቤተሰቦች ጥያቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፥ ሰዉ በልማድ «ማትሪክ» የሚለው፥ በፊደል ውጤት እየተሰጠ፥ ነጥቡም እስከ 4 እየተቈጠረ የልጆችን ዕድል ይወስን ነበር። በ1950ዎቹ የተቋቋሙት ኮምፕሬሄንሲቭ ትምህርት ቤቶችም ከቀለሙ ትምህርት ጎን የንግድ ሥራን፥ የእርሻንና የቤት አያያዝን ትምህርት አስገብተው ነበር። በዚያን ጊዜ የመንዝ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የሚገባበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የት እንደሚያገኝ ነበርና፥ ስለ ምርጫው የሚጨነቀው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙው ስንቁን ተሸክሞ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄድ ነበር። ከዚያ ከተማ ትምህርት ቤቶች አንዱ በአርበኛው በደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው መሆኑን የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነገሩን ለወጠው። ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ለብቻቸው ሆኑ፤ ከዐሥረኛ በኋላ አገር አቀፍ ፈተና መጣ፤ ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛ «መሰናዶ» ተባሉ፤ ተማሪውም ከሁለት ተከፈለ። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። በመካከሉም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት መቶ ተማሪዎች ሰባው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፥ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆኑ መንግሥት ወስኖ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪ «ሰባ ሠላሳ» ሲባል አሁንም ድረስ ያስታውሳል። ብዙ ልጅ ፍላጎቱ ታሪክ ሆኖ ሳለ ሰባው ውስጥ ተገኘ።

ከሁለታችን አንዳችን ከነዚያ ሰዎች መካከል ነን። ያደግነው ከዚያው ደጋ ላይ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ከተማ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። አጎታችን በአንድ ወቅት በሽተኛ ይዘው አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲመላለሱ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት በክብር ያስተናገዳቸው ስለ ነበር፥ «ከእናንተ አንዱ ሐኪም ካልሆነ አልሞትም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሳይንስን ያዝን። የኬሚስትሪው መምህር ደግ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለበት ክፍል እንጂ በውስጡ ዕቃ የለበትም ነበር። አሲድና ቤዝ የሚመዘንበትን መሣሪያ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥሉልናል፤ እኛም በደብተራችን በእርሳስ እንሥላለን። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ለመጀመሪያ ጊዜ ፒፔት በእጃችን ሲሰጠን እንዴት እንደሚያዝ ባለማወቃችን ሰበርነው፤ የሰበርንበትንም ዋጋ ከፈልን። ሐኪም አልሆንንም። አጎታችንም ሳያዩት አረፉ። ያን ቀን የሰበርነውን ፒፔት ግን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ወደ አውቶቡሱ ጥያቄ እንመለስ። የአክስቲቱ ልጅ «ሶሻል ይቀላል» ያለው ቃል በደጋውም በቈላውም የሚነገር ነው። እስቲ ቍጥሩን እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናውን የወሰዱት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቹ በያሉበት መሆናቸው ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው ተፈተኑ። በጠቅላላው 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሹን ነጥብ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። ይህ ዜና በአገሩ ሁሉ ድንጋጤ ያሳደረ መሆኑን አንባብያን ያስታውሳሉ። ከዚያ ውስጥ ያለው ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 339,642 መካከል 22,936 አለፉ፤ ከመቶ 6.8 ገደማ መሆኑ ነው። ከማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች 556,878 መካከል ግን ያለፉት 6,973 ናቸው፤ ከመቶ 1.3 ብቻ። ቀላል ነው በተባለው በር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ አለፈ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ማኅበራዊ ሳይንስ ከባድ ነው» ብንል ደግሞ ሌላ ስሕተት እንሠራለን። በየትምህርት ቤቱ ሒሳብ የሚሆንላቸው ልጆች አስቀድመው ወደ ሳይንሱ ይሄዳሉ፤ ሒሳብን የሸሹ፥ እንግሊዝኛም ያልሆነላቸው፥ መምህርም ያጡ በሌላው በኩል ይሰለፋሉ። በማኅበራዊ ሳይንስ የተሰለፈው ከግማሽ በላይ የሆነው ለዚህ ይመስለናል። ነገር ግን እንግሊዝኛና ሒሳብ፥ አፕቲትዩዱም ጭምር፥ በሁለቱም በር ቆመው ይጠብቋቸዋል። ስድስት ፈተና ካለ ሦስቱ ከነዚህ ናቸው። እንግዲህ ሒሳብን ሸሽቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሄደ ልጅ ከዝናብ ሸሽቶ ከፏፏቴ ሥር እንደ ተጠለለ ነው። ታሪክም ቢሆን፥ ጂኦግራፊም ቢሆን ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና፥ ስለ አድዋ ጦርነት ከአያቱ ሲሰማ ያደገ ልጅ ያንኑ ታሪክ በባዕድ ቋንቋ ተጠይቆ መልሱን ሳያውቅ ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ውጤት ቀስ እያለ ተሻሽሏል። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈው ከመቶ 8.4 ሆኗል። ግማሹን ያላገኙት ሁሉ ተስፋ የላቸውም ማለት አይደለም፤ ለግማሹ የቀረበ ነጥብ ያላቸው ብዙዎች «ሪሜዲያል» በሚባለው የማካካሻ ትምህርት አማካይነት ዳግመኛ ዕድል አግኝተዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ መቶ ሺህ ያህል ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የ2015 ዓ.ም. ሌላው ቍጥር ነው፤ ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች በ1,328ቱ አንድም ተማሪ አላለፈም። ስለዚህ ልጅቱ «መምህሩ ባይኖርስ?» ያለችው ነገር የልጅ ስጋት አይደለም። እኛ ከሰጠናት መልስ የእርሷ ጥያቄ ይበልጥ ነበር።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ብናይ፥ በእንግሊዝ አገር ተማሪው በዐሥራ ስድስት ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የትምህርት ዓይነቶች ብቻ ይመርጥና ሁለት ዓመት ሙሉ በእነርሱ ላይ ይሠራል። በአሜሪካ ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ትምህርቱን አንድ በአንድ ይመርጣል፤ ኮሌጆቹም ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ከባዶቹን ትምህርቶች ወስዷል ወይስ ሸሽቷል ብለው ይመረምራሉ ይባላል። እዚያ ያለች ልጅ በመጨረሻው ዓመት ፊዚክስን ልጨምር ወይስ ልተወው እያለች ከአማካሪ ጋር ስትመካከር፥ የመንዟ ልጅ አማካሪዋ የአክስቷ ልጅና በአውቶቡስ ያገኘቻቸው ሁለት መንገደኞች ናቸው። አማካሪ የሚባል ሠራተኛ በየትምህርት ቤታችን ቢኖር እንዴት በበጀ!

በመርሐ ቤቴም፥ በግሼም፥ በመንዝም ከገጠር የሚመጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ዓለም ከተማ፥ ራቤል፥ ሞላሌ፥ ዘመሮ፥ መሐል ሜዳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢታዩ፥ ደብተር የያዙ ልጆች ወደየቤታቸው ሲወጡ፥ እሑድ ማታም እንጀራና የገብስ ቆሎ፥ በሶም ተሸክመው ሲመለሱ ይታያሉ። ሦስት አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። ሴቶቹ ልጆች ውሃ ቀድተው፥ ወጥ ሠርተው ነው መጽሐፍ የሚገልጡት። ስለዚህ ምርጫው የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይም፥ የስንቅም፥ የመንገድም ጉዳይ ነው። በቅርብ ያለው ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ከሌለው፥ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ፥ አባትየው የሚሸጡትን በግ መቍጠር አለባቸው።

ይህን ሁሉ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን መካከል ባለው መንገድ ላይ እያሰብን ስንሄድ የቀድሞ ምክራችንን አንሥተን በሌላ ተካነው። ለልጅቱ ያልናት ይህን ነው፤ «እኛ ምረጪ ያልንሽን ተይው። የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል የሒሳብ ውጤትሽን ጎን ለጎን አድርገሽ እይ፤ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ? ቀጥሎም ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሱትን ልጆች ፈልገሽ የፊዚክሱ፥ የኬሚስትሪው፥ የኢኮኖሚክሱም መጽሐፍ እስከ ስንተኛው ምዕራፍ እንደ ተማሩ ጠይቂ። ስለ መምህሩ ጠባይ አትጠይቂ፤ ምዕራፉን ብቻ ጠይቂ። ግማሽ ላይ የቆመ ከሆነ ሌላውን ግማሽ ብቻሽን ነው የምትወጪው።» ልጅቱ በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ጻፈች። አባትየው «እንግሊዝኛውሳ?» ሲሉ ጠየቁ፤ 58 የሚለውን ቍጥር እርሳቸውም አይተውት ኖሯል። እንግሊዝኛው በየትኛውም ቢሆን እንደማይቀርላት ነገርናቸው። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተሰነባብተን ስልክ ተቀያየርን።

ይህን ምክር ስንሰጥ ያላሰብነው ነገር ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ፤ በክልሉም በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ድረስ ደርሶ ስለ ነበር፥ የዚያ አገር ልጆች በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ደብተራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ስለ ምዕራፍ ብዛት፥ ስለ ሒሳብ ውጤትም የምናወራው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ይህን የማይጨምር የተማሪ ምክር በዚያ ደጋ ላይ ግማሽ ምክር መሆኑን እናውቃለን።

አባትየው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደወሉልን። «እሷው መረጠች፤ እኔ ጣቴን ብቻ ነው ያተምኩት» አሉን። ከሁለት ትምህርት ቤቶች ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ልጆችን ጠይቃ ነበር። በቅርቡ ካለው ትምህርት ቤት የወጡት የፊዚክሱን መጽሐፍ ከግማሽ አላለፉም፤ ከራቀው የወጡት ግን ከአንድ ምዕራፍ በቀር ጨርሰውታል። ስለዚህ የተፈጥሮ ሳይንስን መርጣ፥ ራቅ ወዳለው ከተማ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራየች። ለመጀመሪያው የኪራይ ገንዘብ ሁለት በግ ተሸጠ። ያን ዓመት ትምህርቱ በተደጋጋሚ እየተቋረጠ አንድም ፈተና ሳትቀመጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ በ2017 ዓ.ም. ዐሥራ አንደኛን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ይህን ስንጽፍ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ናት። ባለፈው ሰሞን ደውለን ነበር። ስልኩን ያነሡት አባትየው ናቸው፤ ልጅቱ ከከተማ አልመጣችም። እንዴት ናት ብንላቸው ትንሽ ሳቅ ብለው «ፊዚክሱ 74 ገብቷል፤ እንግሊዝኛው ግን እንዳለ ነው» አሉን።